ገና ስትዘሪ መቼ ልትበዪ ነው?

ዛሬ ጠዋት ከአዘዞ በታክሲ ጎንደር ፒያሳ ወጣሁ። ባንክ ገብቼ የዘንድሮው ትርፍ ድርሻዬ በአዲስ አክሲዮን፣ ማለትም በባንኩ የባለቤትነት ድርሻ፣ እንዲለወጥልኝ ፈረምኩ። ባንኩ ሒሳቡን ሰኔ ላይ ይዘጋል፤ የባለአክሲዮኖች ጠቅላላ ጉባኤው ኅዳር ላይ ነው። እኔም ጉባኤው ባለፈ በሳምንቱ እሄዳለሁ።

የጀመርኩት በ2013 ዓ.ም. ነው፤ 57 ዓመቴ ነበር። እቁብ ወጣልኝና 50,000 ብር ይዤ ሄድኩ። አንዱ አክሲዮን 1,000 ብር ስለነበር 50 ደረሰኝ። ቡና ላይ ለጎረቤቴ ሳወራት «አንቺ፣ ገና ስትዘሪ መቼ ልትበዪ ነው?» አለችኝ። በቅን ልብ ነው የጠየቀችኝ። ግን ያን ሌሊት እንቅልፍ ነሳኝ። ጡረታ ልወጣ የቀረኝ ሦስት ዓመት ነበር። ለራሴ ከሆነ እውነትም ረፍዷል። የልጅ ልጄ ግን ያኔ ገና አራት ዓመቷ ነው።

አባቴ ደምቢያ ሳለን ለእያንዳንዳችን ጊደር ይሰጠን ነበር። «ወተቷን ጠጡ፣ እሷን እንዳትነኩ» ይለናል። የእኔዋ ወለደች፣ ልጇም ወለደች። ለትምህርት ጎንደር ስመጣ በረቱ ውስጥ የእኔ የሚባሉ አራት ነበሩ። አክሲዮን ምን እንደሆነ ሲገባኝ የታየኝ ያ በረት ነው። ትርፉን አውጥቼ ከበላሁት ወተት ነው። መልሼ አክሲዮን ከገዛሁበት ጥጃ ነው።

ሒሳብ አስተማሪ ነበርኩና አንዲት ስሌት እወዳለሁ። 72ን ለዓመቱ የመቶኛ ዕድገት ማካፈል ነው፤ የሚወጣው ገንዘቡ እጥፍ እስኪሆን የሚፈጀው ዓመት ነው። በዓመት 8 በመቶ የሚያድግ ነገር በ9 ዓመት ገደማ እጥፍ ይሆናል። እኔ ዛሬ በ62 ዓመቴ ብጀምር፣ ዕድሜ ከሰጠኝ ሁለት ጊዜ ሲታጠፍ ላይ እችላለሁ። የልጅ ልጄ የእኔ ዕድሜ እስክትደርስ ግን ስድስት ጊዜ ያህል ይታጠፍላታል። ይህን ወረቀት ላይ ሳሰላው ዓይኔ እንባ ሞላ።

መንገዱ ሁሉ ሜዳ አልነበረም። አንድ ዓመት አንዱ አክሲዮን 210 ብር አስገኘልኝ፤ በሚቀጥለው ዓመት 170 ሆነ። ባንኩ አተረፍኩ ይላል፣ የእኔ ድርሻ ግን ወረደ። ደነገጥኩ። በኋላ ቁጭ ብዬ ሪፖርቱን አነበብኩ። ብሔራዊ ባንክ ባንኮች ሊኖራቸው የሚገባውን ዝቅተኛ ካፒታል 5 ቢሊዮን ብር አድርጎ ስለነበር አዲስ አክሲዮን በብዛት ተሽጧል። ትርፉ አድጓል፣ ተካፋዩ ግን የበለጠ በዝቷል። ከዚያ ወዲህ መጀመሪያ የማየው የአንዱን አክሲዮን ትርፍ ነው። ጠቅላላው ትርፍ በቢሊዮን ቢጻፍም አያስደንቀኝም። ሁሉንም አንድ ቤት ማስቀመጥም ትክክል እንዳልሆነ ያን ጊዜ ገባኝ። በ2017 ዓ.ም. ኢትዮ ቴሌኮም አክሲዮን ሲሸጥ ትንሹን መጠን ገዛሁ። አንዱ 300 ብር፣ 33 አክሲዮን፣ 9,900 ብር። በቴሌብር፣ እቤቴ ቁጭ ብዬ።

ከሁሉ በላይ የሚያሳስበኝ ግን ወረቀቱ ነው። ወንድሜ ሲያርፍ አክሲዮን እንዳለው ማናችንም አናውቅም ነበር። ከሦስት ዓመት በኋላ የጸሎት መጽሐፉን ስገልጥ የአክሲዮን ሰርተፊኬቱ በአራት ታጥፎ ወደቀ። እጥፋቱ ላይ ሊቀደድ ደርሶ ነበር። ትርፉ ሳይወጣ እዚያው ተቀምጧል። ልጆቹ የወራሽነት ማስረጃ ለማውጣት ፍርድ ቤት ሲመላለሱ ከረሙ። እሱ ለእነሱ ብሎ የቆጠበውን እነሱ አያውቁትም ነበር። ይህ እስከ ዛሬ ያመኛል።

ስለዚህ ኑዛዜዬን ጻፍኩ። በአራት ምስክሮች ፊት ተነበበ፣ እኔም እነሱም ፈረምን። ልጆቼን ሰብስቤም ሁሉን ነገርኳቸው። የትኛው ባንክ፣ ስንት አክሲዮን፣ ወረቀቱ የት እንዳለ። ልጄ «እማዬ፣ ስለ ሞት አታውሪ» አለኝ። እንዲሰማኝ ለመንኩት፤ ሰማኝ።

ለልጅ ልጄ ደግሞ ደብተር ገዛሁላት። ዛሬ ከፒያሳ ስመለስ በር ላይ ጠበቀችኝ። «እማማ፣ ስንት ሆነ?» አለችኝ። ዘጠና ስምንት አልኳት። ዓመተ ምሕረቱን ጻፈች፣ ከጎኑ 98 አለች፣ ከዚያ ወደ ላይ ወጥታ በራሴ እጅ የተጻፈውን 50 በጣቷ ነካች። «የሚቀጥለውን ዓመት መስመር አሁን ላስምረው?» አለችኝ። አስምሪው አልኳት።