«ቅዳሴ ወጣ?»

እናቴ ስኳር አለባት። ከጥቂት ዓመታት ወዲህ ደግሞ መርሳት ተጨመረባት። የልጆቿን ስም ታምታታለች እንጂ ጾም መግባቱን አትስትም። በዐቢይ ጾም ቅዳሴ ሳይወጣ እህል አይቀመስም ብላ ያደገች ሴት ናት። ገና ከማለዳው ትጀምራለች።

«ቅዳሴ ወጣ?»

«ገና ነው እማዬ።»

ሁለት ደቂቃ አይሞላም። «ቅዳሴ ወጣ?»

ችግሩ ኢንሱሊኑ ነው። ጠዋት ተወግታ ካልበላች ስኳሯ ቁልቁል ይወርዳል። ላብ ያጠምቃታል፣ እጇ ይንቀጠቀጣል። «አዎ፣ ወጥቷል» ብሎ ማብላት ይቻል ነበር። ዘመድም የመከረኝ ይህንኑ ነው። እኔ ግን በጾሟ መዋሸት አልሆንልህ አለኝ።

ለንስሐ አባታችን ነገርኳቸው። ፍትሐ ነገሥቱም ለታመመ ያቀልላል ብለው ቤት ድረስ መጥተው ፈቀዱላት። «እሺ አባቴ» ብላ መስቀል ተሳለመች። በማግስቱ ረስታዋለች። ይሄኔ አባ በብጣሽ ወረቀት ላይ በእጃቸው ጻፉልኝ፤ በክርስትና ስሟ ጠርተው «ብዪ፣ ፈቅጄልሻለሁ» የሚል። አሁን በየጠዋቱ አነብላታለሁ። ወረቀቱን ትቀበለኝና ግንባሯን ታስነካዋለች፣ ትስመዋለች። ከዚያ እንጀራዋን በሽሮ ትበላለች።

አነባበቡም ወሳኝ ነው። ቆሜ ሳነብላት ትእዛዝ ይመስላታል መሰል ፊቷን ታዞራለች። ወለሉ ላይ ቁጭ ብዬ መጀመሪያ «እማዬ፣ መርቂኝ» ስላት ግን ሌላ ሰው ትሆናለች። ምርቃቷ ሲረዝም ሽሮው ይቀዘቅዛል፤ ይቀዝቅዝ። ስለ ትሕትና የሰማሁት ስብከት ብዙ ነው፤ የገባኝ ግን እዚያ ወለል ላይ ቁጭ ስል ነው።

ለትዕግሥት አባ የሰጡኝ ምክር ትንሽ ናት። መልስ ከመስጠቴ በፊት በልቤ አንዴ «እግዚኦ መሐረነ ክርስቶስ» እላለሁ። አንድ ትንፋሽ ብትፈጅ ነው። ንዴቴ አፌ ላይ ሳይደርስ ትቀድመዋለች። እንቅልፍ ያጣሁ ቀን ግን ይከብደኛል፣ አልዋሽም። መጽሐፈ ሲራክ ምዕራፍ 3 ላይ የወላጅህ አእምሮ ቢደክም እንኳ ታገሠው የሚል ምክር አለ። ስንቴ አልፌው ኖሯል! ለእኛ ቤት የተጻፈ ነው የሚመስለው።

በእግዚአብሔር መታመን ላይ ደግሞ መካሪ አይጠፋም። «ጸበሉ ይበቃታል፣ መርፌውን ተዉት» ያሉን አሉ። ጸበሉንም ትጠጣለች፣ መርፌውንም ትወጋለች። ያው ሲራክ ምዕራፍ 38 ላይ ሐኪምን የፈጠረው፣ መድኃኒትንም ከምድር ያወጣው እግዚአብሔር ነው ይላል። ስለዚህ ስኳሯን ለክቼ ደብተር ላይ እጽፋለሁ፤ ሐኪሙ ባዘዘው መጠን እወጋታለሁ። ነገ ምን ትሆን ይሆን የሚለውን ግን ማታ ውዳሴ ማርያም ስደግም ለእሱ አስረክባለሁ። አንዳንድ ማታ አስረክቤ መልሼ እወስደዋለሁ።

በጾሙ አራተኛ ሰንበት፣ በመፃጉዕ፣ ያ 38 ዓመት የታመመ ሰው ታሪክ ይነበባል። ጌታ ልትድን ትወዳለህን ሲለው «ሰው የለኝም» ነው ያለው። እናቴ ሰው አላት። እኔ ግን «ሁሉን እችላለሁ» ብዬ ሰው አልፈለግሁም ነበር። ከቅዳሴ እንደወጣሁ ለእህቴ ደወልኩ። አሁን ቅዳሜና እሁድ የእሷ ተራ ነው። ወረቀቱን እሷም ታነባለች፤ ወለል ላይ ግን አትቀመጥም፣ አልጋው ላይ ከእማዬ ጎን ትጋደማለች። እማዬም እሷ ስታበላት ቶሎ ትበላለች። ትንሽ ያስቀናል።