ኩባንያው ያልወሰደው ምንድን ነው? የስድስት ወር የቤሌኔንሴስ ንባቤ

ሰላም ወገኖች። እያንዳንዳችን አንድ የአውሮፓ ክለብ መርጠን ከሥሩ እናጥና ከተባባልን ስድስት ወር ሞላን። አብዛኞቻችሁ ስመ ጥሮቹን ያዛችሁ፤ እኔ የሊዝበኑን ቤሌኔንሴስ መረጥኩ። «እሱን ደግሞ ከየት አመጣኸው?» ላላችሁኝ ሁሉ እስካሁን የደረስኩበትን ላካፍላችሁ። ለየት አድርጌ ካልጻፍኩ በቀር ዓመቶቹ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ነገሩ የጀመረው ኖቬምበር 27 ቀን 2021 ማታ ነው። የቤንፊካን ጨዋታ ለማየት ቴሌቪዥን ከፈትኩ። ተጋጣሚው ቡድን በኮሮና ተመትቶ ዘጠኝ ሰው ብቻ ይዞ ገባ፤ ከዘጠኙ ሁለቱ ግብ ጠባቂዎች ናቸው። ለእረፍት የወጡት 7 ለ 0 እየተመሩ ነው። ከእረፍት መልስ ሰባት ሆነው መጡ፤ ወዲያው አንዱ ተጎድቶ ሲቀመጥ ስድስት ቀሩ፣ ዳኛውም በሕጉ መሠረት ጨዋታውን አቋረጠ። እኔም «ቤሌኔንሴስን ምን ነካው?» እያልኩ አደርኩ። በማግስቱ ሳነብ ግን ያ ቡድን ቤሌኔንሴስ አልነበረም። ዋናው ቤሌኔንሴስ በዚያ ዓመት አራተኛ ዲቪዚዮን ላይ ነበር።

ይህን ለመረዳት ሦስት ሳምንት ፈጅቶብኛል፤ ለእናንተ ላሳጥረው። በፖርቱጋል ክለብ ማለት የአባላት ማኅበር ነው። በፕሮፌሽናል ሊግ የሚጫወተውን ቡድን ግን የሚያስተዳድረው ኩባንያ ነው፤ በምኅጻረ ቃል «ሳድ» ይሉታል። ቤሌኔንሴስ ገንዘብ ሲያጥረው በ2012 የኩባንያውን 51 በመቶ ድርሻ ኮድሲቲ ለሚባል ድርጅት ሸጠ። ስምምነቱ አልዘለቀም። በ2018 ተለያዩ፦ ኩባንያው ተጫዋቾቹንና በአንደኛ ዲቪዚዮን የነበረውን ቦታ ይዞ ጃሞር ወደሚገኘው ብሔራዊ ስታዲየም ሄደ። ክለቡ ሬስቴሎ ስታዲየም ቀረና አዲስ ቡድን አቋቁሞ ከታችኛው እርከን፣ ከሊዝበን አውራጃ ውድድር፣ ስድስተኛ ዲቪዚዮን ላይ ጀመረ። በኋላም ፍርድ ቤት ኩባንያው በክለቡ ስምና አርማ እንዳይጠቀም ከለከለው፤ ሰዉም «ቢ-ሳድ» ይለው ጀመር። እኔ በቴሌቪዥን ያየሁት እሱን ነው።

ከዚያ ወዲህ ደብተሬ ላይ ያለው ጥያቄ አንድ ብቻ ነው፦ ኩባንያው ተጫዋቾቹንም የሊጉንም ቦታ ከወሰደ፣ ሳይወስድ የቀረው ምንድን ነው?

መጀመሪያ ስሙን ያዝኩ። ማታ ማታ ለግማሽ ሰዓት ያህል መዝገበ ቃላት አጠገቤ አድርጌ ፖርቱጋልኛ አነባለሁ። «ቤለም» የሚለውን የሰፈሩን ስም ስፈልግ ያገኘሁት ቤተልሔምን ነው። ቤሌኔንሴስ ማለት የቤተልሔም ሰዎች ማለት ነው! ስንት ዓመት በስፖርት ዜና ስሰማው የኖርኩት ስም እንዲህ ቅርብ ሆኖ ሳገኘው መጽሐፉን ዘግቼ ትንሽ ተቀመጥኩ።

ቀጥሎ ስለ ምሥረታው አነበብኩ። «ባንኮ ዴ ዣርዲም» የሚል ሐረግ ገጠመኝና «የአትክልት ባንክ» ብዬ ጻፍኩ። በፖርቱጋልኛ «ባንኮ» ባንክም ነው፣ አግዳሚ ወንበርም ነው። ክለቡ የተመሠረተው ቤለም ውስጥ፣ አፎንሶ ደ አልቡከርክ አደባባይ፣ መናፈሻው ወንበር ላይ በተቀመጡ ወጣቶች ነው። ቀኑ ሴፕቴምበር 23 ቀን 1919፤ በእኛ መስከረም 12 ቀን 1912 ዓ.ም.። ከፊት የነበረው አርቱር ዦዜ ፔሬይራ ነው፤ ለቤንፊካም ለስፖርቲንግም የተጫወተ፣ በዘመኑ አንቱ የተባለ ኳስ ተጫዋች። የራሱ ሰፈር የራሱ ቡድን እንዲኖረው ፈለገ።

የአደባባዩ ስም ደግሞ ወደ ሌላ መጽሐፍ መራኝ። ንግሥት እሌኒ ወደ ፖርቱጋል የላከችው ማቴዎስ በ1512 ሕንድ፣ ጎዋ ሲደርስ የተቀበለው ይኸው አልቡከርክ ነው፤ በሕንድ የፖርቱጋል ገዥ ነበር። ማቴዎስ በ1514 ሊዝበን ገባ። ሬስቴሎም ቢሆን ከስታዲየሙ በፊት የወንዝ ዳርቻ ስም ነበር፤ ቫስኮ ዳ ጋማ በ1497 ወደ ሕንድ የተነሣው ከዚያ ነው። ልጁ ክሪስቶቫኦ በ1541 አራት መቶ ያህል ወታደሮች ይዞ በምጽዋ በኩል አገራችን ገብቶ በማግስቱ ዓመት በግራኝ እጅ ተገደለ። ክለቡ ከእኛ ጋር የተለየ ዝምድና አለው ማለቴ አይደለም። ግን በማሊያው ላይ ያለው ቀይ የክርስቶስ መስቀል በእነዚያ መርከቦች ሸራ ላይ የነበረው መስቀል ነው፤ ሰፈሩ ስሙንም ምልክቱንም የወረሰው ከዚያ ታሪክ ነው።

አሁን አንድ እርማት፣ ምክንያቱም ባለፈው የላክሁላችሁ ሠንጠረዥ ላይ ስህተት ነበር። የ1927፣ የ1929 እና የ1933 ዋንጫዎችን ከሊግ ዋንጫ ጋር ደምሬያቸው ነበር። ያኔ «የፖርቱጋል ሻምፒዮና» ይባል የነበረው ውድድር በጥሎ ማለፍ የሚካሄድ ነበር። የሊጉ ዋንጫ አንድ ነው፤ የ1945–46ቱ። ሌሎቻችሁም የፖርቱጋል ክለብ ከያዛችሁ ከ1938 በፊት ያለውን በጥንቃቄ እዩት።

ያ አንድ ዋንጫ ግን ብዙ ነገር ይዟል። የመጨረሻው ጨዋታ ኤልቫስ ላይ ነበር፣ የስፔን ድንበር አጠገብ ባለች ከተማ። ማሸነፍ ግድ ነበር፤ 2 ለ 1 አሸነፉ፣ ቤንፊካንም በአንድ ነጥብ በልጠው ሻምፒዮን ሆኑ። ግብ ጠባቂው ካፔላና ተከላካዮቹ ቫስኮና ፌሊሲያኖ በሰፈራቸው ወንዝ ዳር በቆመው ጥንታዊ ግንብ ስም «የቤለም ማማዎች» ተባሉ። ከሦስቱ ኃያላን፣ ከቤንፊካ፣ ከስፖርቲንግና ከፖርቶ ውጪ ሊጉን ያነሡት ሁለት ክለቦች ብቻ ናቸው፦ ቤሌኔንሴስና ከ55 ዓመት በኋላ ቦአቪስታ። በ1947 ሪያል ማድሪድ ዛሬ በርናቤው የምንለውን ስታዲየም ሲመርቅ የጋበዘውም ቤሌኔንሴስን ነበር፤ 3 ለ 1 ተሸነፉ።

ከሁሉ ይልቅ ደጋግሜ ያነበብኩት ግን የ1938ቱን ነው። ጃንዋሪ 30፣ ፖርቱጋል ከፍራንኮዋ ስፔን ጋር ስትጫወት፣ በቤሌኔንሴስ ሜዳ በሳሌዚያስ። ከጨዋታው በፊት ተጫዋቾቹ ተሰልፈው የፋሺስት ሰላምታ እንዲሰጡ ይጠበቅ ነበር። ፎቶውን አስፍቼ ከጫፍ እስከ ጫፍ አየሁት። እጆች ተዘርግተዋል፤ በመካከል ግን አርቱር ኳሬዥማ እጁን ወደ ታች አድርጎ ቆሟል፣ ማሪያኖ አማሮና ዦዜ ሲሞይስ ጡጫ ጨብጠዋል። ሦስቱም የቤሌኔንሴስ ልጆች ናቸው። ፖርቱጋልን ይገዛ የነበረው የአምባገነኑ የሳላዛር የምስጢር ፖሊስ ጠርቶ መረመራቸው። ከስምንት ዓመት በኋላ ሊጉን ካነሣው ቡድን ውስጥ አማሮና ኳሬዥማ አሉበት። ይህን ካወቅሁ በኋላ የ1946ቱን የቡድን ፎቶ በሌላ ዓይን ነው የማየው።

ስለ ማታቴው ገና ብዙ ይቀረኛል፤ ለሚቀጥለው ወር ያቆየሁት እሱን ነው። ከሞዛምቢክ በ1951 የመጣ አጥቂ፣ ሁለት ጊዜ የሊጉ ኮከብ ግብ አግቢ፤ ዩሴቢዮ ሊዝበን ሲደርስ እሱ ቀድሞት ዘጠኝ ዓመት ያህል ኖሯል። ታናሽ ወንድሙ ቪሴንቴ ደግሞ በ1966ቱ የዓለም ዋንጫ ፔሌን የያዘው ተከላካይ ነው። በ1955 ሁለተኛው የሊግ ዋንጫ እጃቸው ገብቶ ነበር፤ በመጨረሻው ጨዋታ አራት ደቂቃ ሲቀር ስፖርቲንግ 2 ለ 2 አደረገና ዋንጫው ወደ ቤንፊካ ሄደ።

ወደ ጥያቄዬ ልመለስ። ከ2018 በኋላ ክለቡ በአምስት ዓመት አምስት ጊዜ አደገ፤ በ2023 ሁለተኛ ዲቪዚዮን ደረሰ፣ በዓመቱ ወደ ሦስተኛው ተመልሶ ወረደ። ቢ-ሳድ ደግሞ በ2022 ከአንደኛ ዲቪዚዮን፣ በ2023 ከሁለተኛው ወረደ። ውጤቱን ጎን ለጎን ጽፌዋለሁ፤ ሠንጠረዡን ያስተካከልኩት እዚህ ላይ ነው፦ እስከ 2018 አንድ ዓምድ፣ ከዚያ ወዲህ ሁለት፣ የ1946ቱ ዋንጫ ግን ከክለቡ ዓምድ አይነቃነቅም።

«ያልወሰደው» በሚለው ገጽ ላይ በመጨረሻ የጻፍኩት ፔፔን ነው። እውነተኛ ስሙ ዦዜ ማኑኤል ሶዋሬስ፤ የቤለም ድሃ ቤተሰብ ልጅ፣ በ1928 አምስተርዳም ኦሊምፒክ ላይ ለፖርቱጋል የተጫወተ። በ1931፣ በ23 ዓመቱ፣ በበላው ምግብ ተመርዞ ሞተ። የሳሌዚያስ ሜዳ በስሙ ተጠራ። ክለቡ ከሳሌዚያስ ተነሥቶ በ1956 ሬስቴሎን ሲከፍት የፔፔ መታሰቢያ ሐውልትም አብሮ አለ፤ ፖርቶ ለጨዋታ ሬስቴሎ ሲመጣ ከሐውልቱ ሥር አበባ ማኖር ልማዱ ነው። ኩባንያው ወደ ጃሞር ሲሄድ ሐውልቱ ሬስቴሎ ነበር፤ ዛሬም እዚያው ነው።