ሩዝ የወረሰው የላም ሜዳ

ከባሕር ዳር ወደ ጎንደር የሚሄድ ሰው የዓባይን ድልድይ ተሻግሮ፣ ዘንዘልማንና ሐሙሲትን አልፎ ጉማራ ወንዝ አካባቢ ሲደርስ ብዙ ጊዜ እንቅልፍ ይወስደዋል። አልፈርድበትም። ዳገት የለ፣ ቁልቁለት የለ፣ ግራ ቀኙ ለጥ ያለ ሜዳ ነው። ወረታ ላይ መኪናው ሲቆም ነቅቶ ቆሎና ውኃ ይገዛና ወደ አዲስ ዘመን ይቀጥላል። እኔ የወረታ ልጅ ነኝ። ከተማዋ ከባሕር ዳር 60 ኪሎ ሜትር ገደማ ናት፤ እናቴ እዚያው ስላለች መንገዱ ክፍት በሆነ ቁጥር እሄዳለሁ። «እዚያ ሜዳ ላይ ምን አለና ነው የምትመላለሺው?» ለሚሉኝ የሥራ ባልደረቦቼ መልሱን አንድ ጊዜ ጽፌ ልገላገል።

ወረታ ያለችበትን የፎገራን ወረዳ ሜዳ ያደረገው ውኃ ነው። ርብና ጉማራ ሁለቱም የሚነሱት ከጉና ተራራ ነው። ጉና ከ4,000 ሜትር በላይ ከፍታ አለው፤ ሜዳው 1,800 ሜትር አካባቢ ነው። ከዚያ ሁሉ ከፍታ አፈር ተሸክመው የወረዱ ወንዞች ሜዳው ላይ ሲደርሱ ጉልበታቸው ያልቃል፤ ደለላቸውን ያራግፋሉ፣ መሄጃቸው ይሞላል፣ ክረምት ሲገባ ከዳር ዳር ይወጣሉ። በዚያ ላይ ጣና ራሱ ሲሞላ መውረጃ ይነሳቸዋል። በነሐሴ 1998 ዓ.ም. የደረሰውን ጎርፍ የፎገራ ሰው አይረሳውም፤ ስንቱ ቤቱን ጥሎ ወጣ። ናበጋና ዋገጠራን የመሰሉ ለሐይቁ የቀረቡ ቀበሌዎች ጎርፍን እንግዳ አይሉትም። ተቃራኒውም አለ፤ በ1995 ዓ.ም. ጣና ክፉኛ ሲጎድል ሰው ውኃው የለቀቀውን የሐይቅ ወለል አርሶ ዘራበት። መሬቱ ዋልካ ነው። በሐምሌ እግር ይዞ አይለቅም፣ በሚያዝያ ደግሞ ክንድ የሚያስገባ ስንጥቅ ይሰነጠቃል።

እንዲህ ባለ መሬት ላይ የድሮ ሰው ዋና ሀብቱ ከብት ነበር። የፎገራ ላም ጥቁርና ነጭ ቡራቡሬ፣ ቀንደ አጭር፣ ለማዳ ናት። ረግረግ ውስጥ ቆማ ትግጣለች፤ ዝንቡንና እርጥበቱን የደጋ ከብት የማይችለውን ያህል ትችለዋለች። ውኃው ሲመጣ ከብቱ ወደ ከፍታው ይወጣል፣ ውኃው ሲሸሽ ተከትሎት ወደ ሐይቁ ይወርዳል። አያቴ ዕድሜውን የፈጀው በዚህ ምልልስ ነው። ስለ ሰው ሲያወራ እንኳ የሚያስታውሰው በላሙ ነው። «የቦራ ባለቤት የነበረው» ይልሃል፣ የሰውየው ስም ግን አይመጣለትም።

ከዚያ ሩዝ መጣ። በ1970ዎቹ፣ በደርግ ዘመን፣ የሰሜን ኮሪያ ባለሙያዎች አምጥተው በፎገራና በደራ የገበሬ ማኅበራት ላይ ተሞከረ። ሌላው እህል ሥሩ ውኃ ውስጥ ሲቆም ቢጫ ይሆናል፤ ሩዝ በዚያው ውኃ ይፋፋል። ስለዚህ ያ ሁሉ «ለምንም አይሆን» የተባለ ውኃ የቋጠረ መሬት በአንድ ትውልድ ማሳ ሆነ። ገበሬው እስካሁን የሚጠራው ዝርያ ኤክስ ጅግና ነው፤ ሌሎች ዝርያዎች ቢመጡም ነጭ ፍሬውን የለመደ ገዢ እሱን ይጠይቃል። ዛሬ ብሔራዊ የሩዝ ምርምርና ሥልጠና ማዕከል ያለው ወረታ ነው፤ ለዚያች ከተማ ትንሽ ነገር አይደለም።

ወረታን ማየት የፈለገ ከኅዳር እስከ ጥር ይሂድ። ከመናኸሪያው ብዙም ሳይርቅ የመፈልፈያ ወፍጮዎቹ ድምፅ ይሰማል፤ የገለፈቱ ብናኝ ቅንድብ ላይ ያርፋል፤ ከወፍጮ ቤቶቹ ጀርባ የገለፈት ክምር ቀስ እያለ ይጨሳል። እናቴ ከገበሬ ያልተፈለፈለ ሩዝ ገዝታ፣ አስፈልፍላ ትሸጣለች። ስትገዛ ለማየት ብቻ አጠገቧ የምቀመጥበት ጊዜ አለ። ከጆንያው አፍ ላይ አትወስድም። እጅጌዋን ሰብስባ ክንዷን እስከ ክርኗ ትሰድና ከመሃል እፍኝ ታወጣለች። አንዷን ፍሬ በጥፍሯ ትልጥና በፊት ጥርሷ ትነክሳታለች። «ቀጭ» ካለች ደርቃለች፤ ከተጨፈለቀች አልደረቀችም።

«እትዬ፣ ፀሐይ ላይ የሰነበተ ነው፣» ይላታል ገበሬው።

«ታዲያ ፀሐይዋ የት ሄዳ ነበር? ወንድሜ ሙት፣ ይህንን ብገባበት መፈልፈያው አድቅቆ ነው የሚያስረክበኝ። ስብርባሪው በርካሽ ነው የሚሄደው።»

«እንግዲያውስ ይብቃ፣ ልጫነው።»

«ማን ጫን አለህ? ቁጭ በል፣ ቡና እየፈላ ነው።»

ቡናው አንድ ስኒ እስኪደርስ ዋጋው ይቆረጣል። ስብርባሪውም ቢሆን አይጣልም፤ ከጤፍ ጋር ተፈጭቶ እንጀራ ይሆናል። የወረታ ቤት እንጀራ ንጣቱ የሚያታልል ነው፤ ባሕር ዳር ያሉ እንግዶቼ «የማኛ ጤፍ ነው?» ይሉኛል። ሩዙ ከበዛበት ግን ባደረ ቁጥር ይደርቅና ጥቅልል ሲያደርጉት ይሰነጠቃል፤ ጋጋሪዋ መጠኑን ማወቅ አለባት። ጠላም ከሩዝ ይጠመቃል፣ አረቄም ይወጣል። ገለባውን ከብት ይበላዋል፤ ለግድግዳ ጭቃም ይቦካል።

ወረታ መገንጠያ ናት። አንዱ መንገድ ወደ ጎንደር፣ ሌላው በደብረ ታቦር አድርጎ ወደ ወልድያ ይሄዳል፤ ይህኛው ቻይናዎች የሠሩት ስለሆነ እስከ ዛሬ የቻይና መንገድ ይባላል። የደጋው ጎረምሳ ለአረም ሥራ የሚወርደው በእሱ ነው። በሐምሌና በነሐሴ ማለዳ መገንጠያው ላይ የሚቆሙት የቀን ሠራተኞች ቀኑን ሙሉ እስከ ጉልበታቸው ውኃ ውስጥ ጎንበስ ብለው ያርማሉ። ሩዝን ነጭ ነጩን ብቻ አይቶ የሚያወድስ ሰው ይህንን ቢያየው ደስ ይለኛል። ሩዙ ሳይታጨድ ጓያው ከሥሩ ይበተናል፤ እርጥበቱ ሳያልቅ ሽምብራም ይዘራል። በወንዞቹ ዳር ደግሞ የውኃ መሳቢያ ሞተር እየተተከለ ሽንኩርት በመስኖ ይለማል፤ በበጋ አይሱዙዎች ተደርድረው የሚጭኑት እሱን ነው። (በነገራችን ላይ፣ የአውሮፓን ብርድ ሸሽተው ጣና ዳር የሚከርሙት ባለ ረጅም እግር ወፎች ሽምብራውንና የወደቀውን እህል ሲለቅሙ ማየት ለጎብኚ ውበት ነው፤ ወንጭፍ ይዞ ለሚጠብቀው ልጅ ግን ሌላ ነገር ነው።)

አያቴና እናቴ በላምና በሩዝ ጉዳይ ተስማምተው አያውቁም። እሱ «ሩዝ ይበላል እንጂ አይታለብም» ይላል። እሷ «አባባ፣ የልጅ ልጆችዎን ያስተማረው ሩዙ አይደለም?» ስትለው፣ «አንቺን ያሳደገሽ ወተትስ ከሩዝ ነው የታለበው?» ብሎ ይዘጋታል።

እውነቱን ለመናገር እኔ ከእናቴ ጋር ነኝ። ሩዝ ባይመጣ ኖሮ ወረታ ቆሎ የሚሸጥባት ማረፊያ ሆና ትቀር ነበር፤ እኔም ምናልባት ይህንን አልጽፍም። ግን አያቴ የሚያወራው የእርጅና ወሬ ብቻ እንዳልሆነ አውቃለሁ። የግጦሽ መሬቱ ታርሷል። ከሐይቁ ዳር የቀረውን ደግሞ ከ2004 ዓ.ም. ወዲህ እምቦጭ የሚባለው የውኃ ላይ አረም እየተሻማው ነው፤ ከብት ውኃው የሸሸበት ቦታ ሲወርድ የሚያገኘው ሣር ሳይሆን የእምቦጭ ምንጣፍ የሆነበት ስፍራ ብዙ ነው። ንጹሑ የፎገራ ዘር ከደጋ ከብት ጋር እየተዳቀለ ተመናመነ። ከባሕር ዳር ብዙ የማይርቀው የአንዳሳ የእንስሳት ምርምር ማዕከል ዘሩ እንዳይጠፋ ያረባል። ይህ ጥሩ ነው፤ ነገር ግን ግቢ ውስጥ የሚጠበቅ ከብትና ሜዳ ላይ ውኃ ተከትሎ የሚወርድ ከብት አንድ አይደሉም። ሩዙ ሳይቀነስ ለከብቱ የሚተርፍ የወል ግጦሽ ከልሎ ማቆየት የሚቻል ይመስለኛል፤ የጎደለው መሬት ሳይሆን «ይህቺ አትታረስም» ብሎ የሚጸና ሰው ነው። አያቴ በዚህ ይስማማል፤ እናቴ «የማን ማሳ አጠገብ ነው የምትከልዪው?» ትላለች። ጥያቄዋ ልክ ነው፤ ሁሉም ከጎረቤቱ ማሳ አጠገብ እንዲከለል ነው የሚፈልገው።

ዘንድሮም ከባሕር ዳር ባዶ ጆንያ ገዝቼ እንዳመጣላት አዛኛለች፤ ኅዳር ሲገባ ወረታ ላይ ጆንያም እንደ ሩዙ ይወደዳል። «ባለፈው እንዳመጣሽው የተቀደደ እንዳይሆን፣ አንድ በአንድ ወደ ፀሐይ አንስተሽ እዪው» ብላለች።