ከፒርሰን ማኮብኮቢያ ጫፍ ወዲያ

ቶሮንቶ ፒርሰን አውሮፕላን ማረፊያ ስንደርስ ዝናቡ መስኮቱን በአግድም ይገርፈዋል። ጎማዎቹ መሬት ሲነኩ ጀርባዬ ድረስ ተሰማኝ። አጠገቤ የተቀመጡት እናት ነጠላቸውን ጨብጠው «በስመ አብ! ምነው እንዲህ ወረወረን ይሄ ልጅ?» አሉ። ከኋላም ያጉረመረሙ ነበሩ። እኔ ግን ላጨበጭብ ምንም አልቀረኝም። በዝናብ ጊዜ ቀስ ብሎ፣ ሳይሰማ ማረፍ ሙያ አይደለም። ጎማው ውሃው ላይ ተንሳፎ እንዳይንሸራተት አብራሪው ጠበቅ አድርጎ ነው ማሳረፍ ያለበት። ለስላሳ ማረፊያ ፍለጋ አየር ላይ በቆየ ቁጥር ሜዳው ከሥሩ እያለቀ ነው።

የፓስፖርቱን ሰልፍ ልዝለለው፤ የትም ያው ነው።

የአክስቴ ልጅ ተቀብሎኝ ወደ ብራምፕተን ስንጓዝ፣ 401 አውራ ጎዳና ላይ «ያ የኤር ፍራንሱ ገደል የቱ ጋ ነው?» አልኩት። «ገና ከመምጣትህ አደጋ ትጠይቃለህ እንዴ?» ብሎ ሳቀና በአገጩ ወደ ቀኝ ጠቆመኝ። ዛፍ የሞላበት ሸለቆ ነው፤ ሥሩ የኢቶቢኮ ጅረት ይፈሳል። ካልነገሩህ ልብ አትለውም።

በፈረንጆቹ ኦገስት 2 ቀን 2005፣ በእኛ ሐምሌ 26 ቀን 1997 ዓ.ም.፣ ከፓሪስ የመጣ የኤር ፍራንስ ኤርባስ ኤ340 በነጎድጓድ መሀል ሊያርፍ መጣ። ማኮብኮቢያው መግቢያ ላይ ሲደርስ ከተለመደው ከፍ ብሎ ነበር። ነፋሱ ዞሮ ከኋላ ይገፋው ጀመር፤ ዝናቡም የአብራሪዎቹን እይታ ጋረደ። ከማኮብኮቢያው 2,743 ሜትር ውስጥ 1,160 ያህሉን በአየር ላይ ጨርሶ ነው መሬት የነካው። የሞተሩን ግፊት ወደ ፊት ገልብጦ አውሮፕላኑን የሚያዘገየው መሣሪያ ወዲያው መከፈት ሲገባው ከ12 ሰከንድ በላይ ዘገየ። ጫፉን ያለፈው በሰዓት 150 ኪሎ ሜትር ገደማ እየሮጠ ነው። ከዚያ ሸለቆው ውስጥ ገባና እሳት ተነሳ።

አብዛኛው ሰው ፍሬን እምቢ አለው ብሎ ያስባል። የለም፤ ጥቂት ከፍታ፣ ጥቂት ነፋስ፣ ጥቂት መዘግየት ተደማምረው ነው። መውጫም ነበረው፦ ሳያርፉ ሞተር ጨምሮ እንደገና መነሳት። መርማሪዎቹ እንደጻፉት ግን አብራሪዎቹ ለማረፍ ቆርጠው ነበር፤ መነሳት ከእንግዲህ አይቻልም ብለውም አምነዋል። ዋናው ነገር እዚህ ላይ ይመስለኛል።

«ቦሌ ቢሆን ኖሮስ?» አለ የአክስቴ ልጅ። ቦሌማ ሌላ ጣጣ አለበት። ከባሕር ጠለል 2,300 ሜትር በላይ ስለሆነ አየሩ ሳስቷል፤ አውሮፕላኑ የሚያርፈው ከቶሮንቶው በፈጠነ የመሬት ላይ ፍጥነት ነው፤ ለመቆምም ብዙ ሜዳ ይበላል። ማኮብኮቢያው ያን ያህል የረዘመው ወዶ አይደለም።

አውሮፕላኑ ላይ የነበሩት 309 ሰዎች ሁሉም ተረፉ። ከፊሎቹ ዳገቱን ወጥተው እዚሁ 401 ላይ መኪና አስቁመዋል። እሳቱ እየነደደ የእጅ ሻንጣቸውን ያነሱም ብዙ ናቸው፤ ሰው ይሄንን ልማድ እስካሁን አልተወውም።

ከማኮብኮቢያ ጫፍ ወዲያ 300 ሜትር ነጻ ቦታ፣ ካልሆነም አውሮፕላኑን ይዞ የሚያስቆም ነገር ይኑር ሲሉ መርማሪዎቹ አሳሰቡ። ካናዳ ከብዙ ዓመት በኋላ ያወጣችው ደንብ 150 ሜትር ይላል።

«ግማሹን ፈቀዱ በለኛ» አለ የአክስቴ ልጅ፣ ወደ 410 አውራ ጎዳና እየታጠፈ።