እንከን አይወጣለትም የተባለው ሞተር

እኛ ጋራዥ ከጥገናው እኩል «ልገዛው ነው፣ እስቲ እዩልኝ» የሚል ደንበኛ አይጠፋም። ያን ቀን የመጣው ሰውዬ ምርጫው ጥሩ ነበር፦ ያገለገለ ካዋሳኪ ኬኤልአር 650 ሞተር ሳይክል። በአዘቦት ቀን ሥራ ያመላልሳል፤ ዕረፍት ሲገኝ ሻንጣ ተጭኖበት ኮረኮንቹን ይወጣል። የቤንዚን ሰልባትዮው 23 ሊትር ገደማ ይይዛል። ረጅም መንገድ ለሚወድ ሰው ይሄ ብቻውን ያማልላል።

ሞተሩ ከሩቅ ያብረቀርቃል። ኪሎ ሜትሩ ትንሽ፣ ጎማው አዲስ ነው። አብሮኝ የሚሠራው ልጅ ገና ሳይነካው «እንከን አይወጣለትም» አለ። ዋናው መካኒካችን ግን አስነሱትና በግራ በኩል ጎንበስ ብለው አዳመጡ። ከዚያ ወደ ሻጩ ዞሩ።

«የባላንሰሩን ካቴና ወጥረኸው ታውቃለህ?»

«እንዴታ! ቡሎኑን አላልቼ መልሼ አጥብቄዋለሁ።»

የዚህ ሞተር ጉድ ያለው እዚህ ጋ ነው። ባለ አንድ ፒስተን ስለሆነ ንዝረቱን የሚያለዝቡ ባላንሰሮች አሉት። የሚያዞራቸው ካቴና ሲረግብ የሚወጥረው በሞላ የሚሳብ ትንሽ ብረት ነው። ቡሎኑ ሲላላ ሞላው ብረቱን ይስበዋል፤ ካቴናው ይወጠራል፤ ቡሎኑ መልሶ ይጠብቃል። ሞላው ከተበጠሰስ? ያኔ ቡሎኑን መፍታት ካቴናውን የባሰ መልቀቅ ነው። እ.ኤ.አ. ከ2008 በፊት በተሠሩት ላይ ደግሞ ብረቱ ራሱ የመሰበር አመል አለው። ይሄኛው ከነሱ ወገን ነበር።

ሻጩ እያጉረመረመ ፈቀደ። ዘይቱን አፍስሰን የግራውን ክዳን ከፈትን። ሞላው ተበጥሷል። ከብረቱ ላይ የተሰበረች ጥፍር የምታክል ቁራጭ ዘይት ተለቅልቃ ከታች ተኝታለች። ካቴናው ውስጥ ገብታ ቢሆን ኖሮ ኢንጂኑ አልቆለት ነበር። ሻጩ «እኔ እኮ ምንም ድምፅ አልሰማሁም» አለ። እውነቱን ይሆናል፤ ሞተሩ በተፈጥሮውም ጫጫታ ይወዳል።

ገዢው ቆይቶ ሌላ ይዞ መጣ። ጎኑ የተቦጫጨረ፣ ኪሎ ሜትሩም የትና የት። ግን ሞላውና ብረቱ የተቀየሩበት ደረሰኝ አብሮት አለ። ዋናው መካኒክ ደረሰኙን አገላብጠው አዩና ውጣበት አሉት። ወንበሩ 89 ሴንቲ ሜትር ገደማ ከፍ ይላል፤ ሰውዬው ደግሞ አጠር ያለ ነው። በጣቶቹ ጫፍ ብቻ መሬት ነካ።

«ሞተሩ ደህና ነው» አሉት፤ «ቁመት ግን እዚህ አንቀጥልም።»

እየሳቀ ወሰደው።