«ወራጅ አለ» ሆንግ ኮንግም ይባላል

ሐሙስ ማታ ሀዋሳ ውስጥ ከሪፈራል ወደ ፒያሳ ሚኒባስ ያዝኩ። ዝናብ ነው። ረዳቱ ገና ሳንነቃነቅ ሂሳብ ሰበሰበ። ግማሽ መንገድ እንደደረስን ሹፌሩ ዳር ያዘ፤ በሩ ተከፈተ፤ «ማለቂያችን ነው!»

ከኋላ የተቀመጡ እናት «ልጄ፣ ፒያሳ ብለህ አይደል የጠራኸው?» አሉት።

«ማዘር፣ ተመላሽ ነን።»

ወረድን። መኪናው አልተመለሰም። ሃምሳ ሜትር ያህል ራቅ ብሎ ቆመና «ፒያሳ! ፒያሳ!» እያለ አዲስ ሰው መጫን ጀመረ። እኔ ባጃጅ በኮንትራት ገባሁ፤ ስንት እንደከፈልኩ አልናገርም፣ ሚስቴ ይህን ታነባለች።

አንዱን መስመር ለሁለት ቆርጦ ሁለቴ ማስከፈል፣ እኛ ሀዋሳ ብርቃችን አይደለም። ግን ያን ማታ ያናደደኝ ለዕቃ ቻይና፣ ጓንዡ የሚመላለስ ጓደኛዬ ያጫወተኝ ነገር ትዝ ስላለኝ ነው። ሆንግ ኮንግ ውስጥም ሚኒባስ ሞልቷል፤ ጣሪያው ቀይ ወይም አረንጓዴ የሆነ ኮስተር። ተሳፋሪው መውረድ ሲፈልግ «ያው ሎክ!» ብሎ ይጮሃል። ምን ማለት መሰላችሁ? ወራጅ አለ!

አጀማመራቸውም ከኛ ብዙ አይርቅም። እ.ኤ.አ. በ1967 በነበረው ብጥብጥ የአውቶቡስ ሠራተኞች ሥራ ሲያቆሙ ፈቃድ የሌላቸው መኪኖች ሰውን አመላለሱ፤ በ1969 ሕጋዊ ሆኑ። ዛሬ ከ4,350 በላይ መሆን አይችሉም። ወንበራቸው 16 ነበር፣ እ.ኤ.አ. በ2017 ወደ 19 ከፍ አለ፤ ትርፍ ሰው መጫን ክልክል ነው።

ቀዮቹ የኛ ዘመዶች ናቸው። ሹፌሩ ብዙ ጊዜ መኪናውን ተከራይቶ ይሠራል፣ ዋጋውንም መንገዱንም እንደ ገበያው ይለዋውጣል። አረንጓዴዎቹ ግን ሌላ ነገር ናቸው። መንግሥት መስመሩን አወዳድሮ ለአንድ ድርጅት ይሰጣል፤ ታሪፉና በስንት ደቂቃ አንዴ መኪና መውጣት እንዳለበት ተወስኖ ነው የሚሰጠው። ሹፌሩ ደሞዝተኛ ነው። እኔ የወደድኩት ደግሞ ይሄን ነው፦ ገበያ ያለውን መስመር ከደረቁ ጋር አጣምረው ያወጡታል። ሥጋውን የፈለገ አጥንቱንም ይወስዳል።

እኛ ጋ ታፔላ መኪናውን ከመስመር ጋር ያገናኘዋል እንጂ መስመሩን ከባለቤት ጋር አያገናኘውም። ማታ ሁለት ሰዓት ላይ መኪና ሲጠፋ ማንን ትጠይቃለህ? ተራ አስከባሪውን? እሱ ራሱ ቤቱ ገብቷል።

በሹፌሩ አልፈርድም ለማለት እየታገልኩ ነው (ሐሙስ ፈርጄ ነበር)። ለባለመኪናው የቀን ገቢ ማስረከብ አለበት፣ ነዳጅ አለ፣ ረዳት አለ፣ የሱ የሚሆነው ከዚያ የተረፈው ነው። ሰው በሞላበት ሰዓት መስመሩን ባይቆርጥ ነበር የሚገርመኝ። ስለዚህ ቅጣት ብቻ ቢጨመርበት ቅጣቱንም ከኛው ነው የሚያወጣው። መስመሩን አምስትና ስድስት ባለመኪና ተደራጅቶ ቢወስደው፣ ሹፌሩ በደሞዝ ቢሠራ፣ ማታም ባዶም ቢሆን የመመላለስ ግዴታ ቢገባ፣ እኔ በበኩሌ ታሪፉ ትንሽ ቢጨመር አላጉረመርምም።

ቅዳሜ ያንኑ መኪና አገኘሁት፤ ረዳቱም ያው ነው። «ዛሬ እስከ ፒያሳ ናችሁ?» አልኩት።

«እንደ ሁኔታው» አለኝ።

በሩ ጋ ተቀመጥኩ።