ዜማን ከስልክ ያጠናሁ ቀን

በየዕለቱ ተከፍሎ የሚዜመውን የእመቤታችንን ምስጋና፣ የውዳሴ ማርያምን ዜማ፣ መማር የጀመርኩት በ34 ዓመቴ ነው። ከሥራ ስወጣ ከአራት ኪሎ በእግሬ ወደ ፒያሳ እወጣለሁ፣ እዚያው አካባቢ ካለ አንድ ደብር ማታ ማታ እማራለሁ። ለመመዝገብ ደብዳቤ አምጣ ተባልኩ። አመጣሁ። ማኅተሙ ደብዝዟል ብለው መለሱኝ። ደግሜ አመጣሁ። እሱን ልተወው፣ አሁንም ደሜን ያፈላዋል።

የቢሮው ሰውዬ ግን ከደብዳቤው የባሰ ጉድ ሠራኝ፦ «በስልክ ቅዳና ቤትህ አጥና» አለኝ። ሰማሁት፣ እኔ ሞኙ! የሰኞውን ክፍል ቀድቼ አንድ ወር ሙሉ ታክሲ ውስጥ በጆሮ ማዳመጫ ሰማሁት። የዜማ ምልክቶቹን፣ ቁርጡን፣ ደረቱን፣ ድምፅ የሚርገበገብበትን ርክርኩን ሳይቀር ያዝኩት ብዬ ጉራዬን ነፍቼ ሄድኩ።

የዚያን ዕለት የኔታን ጉንፋን ይዟቸዋል። ዝቅ አድርገው ጀመሩ። የእኔ ጉሮሮ ደግሞ የሚያውቀው የቅጂውን ከፍታ ብቻ ነው። ተማሪው ሁሉ ታች፣ እኔ ብቻዬን ላይ። ኳየር ቢሆን ሁለተኛ ድምፅ ነው ተብሎ ይታለፍልኝ ይሆናል፣ እዚህ ግን ከሦስቱ የዜማ ስልቶች ግዕዝም ይሁን ዕዝል ወይ አራራይ፣ ሁሉም የሚያዜመው ያንኑ አንዱን ዜማ ስለሆነ መደበቂያ የለም። የኔታ መቋሚያቸውን መሬት ላይ መታ አደረጉ። «ሁለት መሪ ነው እንዴ ያለን?» ልጆቹ ሳቁ። አብዛኞቹ እኮ 12 ዓመት እንኳ አይሞላቸውም!

አልተማርኩም። የፒያኖ አፕ ስልኬ ላይ ጫንኩ። ርክርኩን በቁልፍ ልፈልገው ብል በሁለት ቁልፍ መሀል ሆኖ ቀረ። ቀጥሎ የዜማ ምልክት ያለበት ጾመ ድጓ፣ የዐቢይ ጾሙን የዜማ መጽሐፍ፣ ገዛሁ። ምልክቶቹን በ16ኛው ክፍለ ዘመን፣ በአፄ ገላውዴዎስ ጊዜ፣ የዜማ ሊቃውንቱ አዛዥ ጌራና አዛዥ ራጉኤል እንደሠሯቸው ይነገራል። ቃሉ ላይ የተደረደሩት ጥቃቅን ፊደላት ግን የሰማኸውን ነው የሚያስታውሱህ፤ ላልሰማ ሰው ዝም ይላሉ። ብሬን በከንቱ አወጣሁ።

ስለዚህ አትቅዱ። መጽሐፉንም አትቸኩሉበት። ጎበዝ ልጅ ፈልጋችሁ ጎኑ ተቀመጡ፣ የኔታ በጀመሩበት ጀምሩ፣ ሲሳቅባችሁም ቀጥሉ።

ቅጂውን ደምስሼዋለሁ። አሁን የረቡዑ ላይ ነኝ። የሰኞውን ስንጀምር ግን ዛሬም ድምፄ ሽቅብ ይስበኛል፣ የምወርደው ጎኔ ያለው ልጅ በክርኑ ጎሸም ሲያደርገኝ ነው።